በባሕር ማዶ ጠረፍ ቤት ስለ መግዛት

ሰው ቤት የሚሠራው ከፀሓይና ከዝናብ ለመጠለል ብቻ አይደለም። ቤት የድካም ማረፊያ፥ የእርጅና መጦሪያ፥ ለልጅም የሚተላለፍ ውርስ ነው። ስለዚህ ጥቂት ጥሪት ያፈራ ሰው ሁሉ ከእህልና ከልብስ ቀጥሎ የሚያስበው ስለ ቤት መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው። ይህም አሳብ የሚነቀፍ አይደለም፤ ይልቁንም ለሚሠራ እጅ የሚገባው ዋጋ ነው። ነገር ግን ቤቱ በየት አገር ይገዛል፥ ገንዘቡስ በምን መንገድ ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ባለገንዘቡን ብቻ ሳይሆን አገርን በሙሉ የሚነካበት ጊዜ አለ። አሁን ያለው ጊዜ እንደዚህ ያለ ነው።

በአዲስ አበባ በቦሌ በኩል፥ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ ሳይርቅ፥ ሩዋንዳ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው ከሩዋንዳ ኤምባሲ ነው። በግቢ የታጠሩ ቤቶችና አዳዲስ ፎቆች ተደባልቀው የሚታዩበት፥ ነጋዴውና ከውጭ አገር የመጣው እንግዳ ጎን ለጎን የሚኖሩበት ስፍራ ነው። አውሮፕላን ሲነሣና ሲያርፍ መስማት በዚያ የዘወትር ነገር ሲሆን፥ ከቦሌ የተነሣ ሰው በአራት ሰዓት ገደማ ዱባይ ይደርሳል። መንገዱ እንዲህ ካጠረ ወዲህ፥ ቀድሞ ዕቃ ለመግዛት ብቻ ይመላለስ የነበረው ሰው በባሕሩ ዳር ቤት ስለ መግዛት መጨዋወት ጀምሯል። አንዱ ክፍል በስንት ድርሃም እንደሚሸጥ፥ በዓመት ምን ያህል ኪራይ እንደሚያስገኝ፥ ከመስኮቱም ባሕሩ እንደሚታይ ይነገራል። የሻጮቹም ሥዕል በእጅ ስልክ መስተዋት ላይ ሌት ተቀን ይመጣል። ይህ ጨዋታ ከጨዋታ አልፎ ተግባር ሲሆን ምን እንደሚያስከትል መመርመር የተገባ ነው።

ኢትዮጵያውያን በባሕር ማዶ ቤት ሲኖራቸው ይህ መጀመሪያው አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ በኢየሩሳሌም ያስጀመሩት የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ምኒልክ ዘመን ተፈጽሟል። ከዚያም በኋላ እቴጌ ጣይቱና ብዙ መኳንንት በዚያች ከተማ ቤት አሠርተዋል። የንግሥት ዘውዲቱም ቤት በነቢያት መንገድ ላይ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1928 ተጠናቆ እስከ ዛሬ ቆሟል። ከእነዚህ ቤቶች የሚገኘው ኪራይ በቅድስት አገር ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት መተዳደሪያ፥ ለተሳላሚውም መቀበያ ሆኗል። እንዲሁም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደታቸው ጊዜ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1936 በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ፌርፊልድ የሚባለውን ቤት ገዝተው ነበር፤ ኋላ በ1958 ለሽማግሌዎች መጦሪያ እንዲሆን ለከተማው ሰጡት።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በውጭ አገር ቤት መኖሩ በራሱ ነውር አልነበረም። ነገር ግን ገንዘቡ በስውር አልወጣም፤ ቤቱም በባለቤቱ ስም በአደባባይ ይታወቅ ነበር፤ በመጨረሻውም የብዙ ሰው መጠቀሚያ ሆነ። ዛሬም በባሕር ማዶ የሚገዛ ቤት የሚመዘነው በእነዚሁ ጥያቄዎች ነው፤ ይኸውም ገንዘቡ ከየት መጣ፥ በምን በር ወጣ፥ ስሙስ በግልጽ ይጠራልን የሚሉት ናቸው።

ስለ ዱባይ በእርግጥ የሚታወቀውን ማስረዳት ይጠቅማል። የዱባይ መንግሥት የውጭ አገር ሰዎች በተወሰኑ ስፍራዎች ቤት እንዲገዙ የፈቀደው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ነው፤ በ2006 የወጣው ሕግም የባለቤትነትን ምዝገባ አጸና። ድርሃም የሚባለው ገንዘባቸው ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.6725 ድርሃም ሒሳብ ከዶላር ጋር ታስሮ ይኖራል። ሁለት ሚሊዮን ድርሃም፥ ማለት ከ544 ሺህ ዶላር በላይ፥ የሚያወጣ ቤት ያለው ሰው የዐሥር ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ ለመጠየቅ ይችላል። ፈቃዱ ግን ዜግነት አይደለም፤ በዘመን የተወሰነ ነውና ዘመኑ ሲያልቅ እንደገና ይለመናል።

ሻጩ ትርፉን ሲናገር ወጪውን ጮክ ብሎ አይናገርም። ቤት በስም ለማዛወር ለመሬት መዝገብ ቤቱ ከዋጋው በመቶ አራት ይከፈላል፤ አንድ ሚሊዮን ድርሃም ለሚያወጣ ቤት 40 ሺህ ድርሃም ማለት ነው። ለደላላው ለብቻው ይከፈላል። ከዚያም በኋላ ለሕንጻው ጽዳት፥ ለጥበቃና ለአሳንሰር፥ ቤቱ ተከራየም ባዶ ሆነም፥ በየዓመቱ እንደ ስፋቱ መዋጮ አለ። ተከራይ ጠፍቶ ጥቂት ወራት ባዶ የከረመ ቤት ለባለቤቱ መመገቢያ መሆኑ ቀርቶ ተመጋቢ ይሆናል።

ዋጋውም ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚሄድ የሚመስለው ሰው ያለፈውን ይመልከት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ የዱባይ ቤት ዋጋ ግማሽ ያህል ወደቀ። ገና ሳይሠራ ቤት የገዙ ብዙ ሰዎች የከፈሉበት ሕንጻ በመሠረቱ ላይ ቆሞ ቀረ። በኅዳር ወር 2009 ዱባይ ዎርልድ የሚባለው የመንግሥት ኩባንያ የብድሩ መክፈያ ጊዜ እንዲራዘምለት ጠየቀ፤ በታኅሣሥም የአቡዳቢ መንግሥት ዐሥር ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ ደረሰለት። ከ2014 በኋላም ዋጋው ለብዙ ዓመት ሲወርድ ቈይቶ ከ2021 ጀምሮ እንደገና ወጣ። በዘንባባ አምሳል የተሠራችው ፓልም ጁሜራ የቆመችው ከባሕር ወለል በተዛቀ አሸዋ ላይ ነው። ቤትን በአሸዋ ላይ ስለ መሥራት ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረ ሕዝብ ነገሩን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የአሸዋውን መሠረት መሐንዲሶች በብልሃት አጽንተውት ይሆናል፤ የዋጋውን መሠረት ግን መሐንዲስ አያጸናውም።

ደግሞ የባሕር ዳር አገሮች ለእንግዳ ገዢ የሚሰጡትን መብት በፈለጉ ጊዜ ይነሣሉ። ከሰሜን አውሮፓ የሚመጡ ባለጸጎች ፀሓይ ፍለጋ በእስፔንና በፖርቱጋል ጠረፍ ቤት መግዛት ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። ነገር ግን የአገሩ ተወላጅ የሚከራየው ቤት ስለ ተወደደበት ጮኸ። ስለዚህ ፖርቱጋል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2023 ቤት ለገዛ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ መስጠትን አስቀረች፤ እስፔንም በሚያዝያ 2025 ይህንኑ አደረገች። ቆጵሮስ በበኩሏ ለገዢዎች ትሰጥ የነበረውን ዜግነት በ2020 አቆመች። እንግዲህ በሰው አገር ሕግ ላይ ተስፋውን የሚያስር ሰው ሕጉ በሚለወጥበት ጊዜ የሚሰማው ድምፅ እንደሌለው አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ሲባል ማንም ሰው በሕግ ያፈራውን እንዳይጠቀምበት ለመከልከል አይደለም። በባሕር ማዶ እየሠራ የሚኖርና በዚያው ግብር የሚከፍል ኢትዮጵያዊ በዚያው ቤት ቢገዛ የሚወቅሰው የለም። ለእንደዚህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ምክር ነው። ገና ያልተሠራ ቤት ሲገዛ ሻጩ በዱባይ የመሬት መዝገብ ቤት የታወቀ መሆኑን፥ የሚከፍለውም ገንዘብ በ2007 በወጣው ሕግ መሠረት ለዚያ ሕንጻ ብቻ በተለየው የአደራ ሒሳብ መግባቱን አይቶ ይክፈል። ለደላላ እጅ በእጅ አይስጥ። ውሉንም በማያውቀው ቋንቋ አይፈርም። ክርስቲያን የሆነ ሰው በዚያ አገር ንብረት ትቶ ቢሞት ወራሾቹ በማያውቁት ሥርዓት እንዳይንገላቱ፥ እስላም ላልሆኑ ሰዎች ከ2015 ጀምሮ በዱባይ በተከፈተው የኑዛዜ መዝገብ ኑዛዜውን ያስመዝግብ። ይህን ሳያደርግ የሚገዛ ሰው ለልጆቹ ቤት ሳይሆን ክርክር ያወርሳል።

ነገሩ ክፉ የሚሆነው በኢትዮጵያ ውስጥ በብር ያተረፈ ሰው ገንዘቡን በስውር ሲያሻግር ነው። በኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ገንዘብ አውጥቶ በውጭ አገር ቤት ለመግዛት አይችልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ይህ በር አልተከፈተም። ስለዚህ በሩ የተዘጋበት ሰው በመስኮት ይሄዳል።

የመስኮቱም ሥራ እንዲህ ነው። ከገጠር ወጥታ በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ ለእናቷ 300 ዶላር መላክ ፈለገች እንበል። በባንክ ፈንታ ጥቂት ብር ጨምሬ እሰጣለሁ ለሚል ሕገ ወጥ የሐዋላ ሰው ትሰጠዋለች። እርሱም በአዲስ አበባ ባለው ባልደረባው እጅ ለእናቷ ብር ያስከፍላታል። ያ ብር የተገኘው በባሕር ዳር ቤት ለመግዛት ካሰበው ባለጸጋ ነው፤ የልጅቱም 300 ዶላር በዚያው በዐረብ አገር ቀርቶ ለባለጸጋው ቤት መግዣ ይጠራቀማል። እናቲቱ ብሯን አግኝታለች፤ ባለጸጋውም ቤቱን አግኝቷል፤ ኢትዮጵያ ግን ከልጇ ላብ አንድ ዶላር እንኳ አላገኘችም። በዚያው ጠረፍ ላይ አንዷ የሰው ቤት እያጠበች፥ ሌላው በእርሷ ዶላር ባሕር የሚታይበት ሰገነት ይገዛል። ከዚህ የከፋ ነገር ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛውም መንገድ የንግድ ደረሰኝ ነው። ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ሰው አንድ መቶ ያወጣውን መቶ ሐምሳ ነው ብሎ ሲያስጽፍ፥ ወይም ወደ ውጭ የላከውን ቡናና ሰሊጥ ከዋጋው አሳንሶ ሲያስመዘግብ፥ ትርፍራፊው በባሕር ማዶ ይቀራል። ግሎባል ፋይናንሻል ኢንተግሪቲ የተባለው ጥናት አቅራቢ ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ባወጣው ግምት፥ ከ2000 እስከ 2009 ድረስ ከኢትዮጵያ በሕገ ወጥ መንገድ የወጣው ገንዘብ 11.7 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል። ይህ ሁሉ ቤት ተገዛበት ማለት አይደለም። ነገር ግን የጐደለው ዶላር ለሐኪም ቤት መድኃኒት፥ ለገበሬው ማዳበሪያ፥ ለመኪናው ነዳጅ የሚውል እንደ ነበረ ማሰብ ለማንም አያስቸግርም። በመድኃኒት ቤት ደጅ መድኃኒቱ የለም ተብሎ የሚመለሰው ሰው፥ መድኃኒቱ የጠፋበትን አንዱን ምክንያት ከባሕሩ ማዶ በፎቅ መልክ ቆሞ ሊያየው ይችል ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን የሚሸሸውን ገንዘብ መርገም ብቻ በቂ አይደለም፤ ስለ ምን እንደሚሸሽም መመርመር ያስፈልጋል። ገንዘብ ፈሪ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ይከፈል ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ብሩን በባንክ ያስቀመጠ ሰው ሀብቱ በዓይኑ ፊት ሲያንስ አይቷል። ሽማግሌዎችም በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የሆነውን አልረሱም፤ አንዳንዱ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ደክሞ ያሠራውን ቤት በአንድ ቀን ለቋል። ከዚህም ሌላ በአዲስ አበባ ቤት ለመግዛት ገንዘቡን አስቀድሞ ለሻጭ ኩባንያ ከፍሎ፥ ቤቱ ሳያልቅ ዓመታት ያለፉበት ሰው አለ። በ2005 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት ተመዝግቦ እየቈጠበ ዕጣውን ሲጠብቅ ጠጕሩ የሸበተም አለ። የባለቤትነት ደብተር ለማውጣት ደጅ የሚጠና ሰው፥ በባሕር ማዶ ደብተሩ በጥቂት ቀን ይሰጣል ሲባል ልቡ ቢሸፍት የሚያስደንቅ አይደለም። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሆነ ሰው ተረት በሚነገርበት አገር፥ የራስ ቤት ለባለቤቱ ቀጋ ሆኖበት እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ነገሩ በከተማና በቤት ሥራ ላይ የተሾሙትን ሁሉ በቀጥታ ይመለከታል። አንድ ደብተር በወቅቱ ሲሰጥ፥ አንድ የተጭበረበረ ቤት ገዢ በፍርድ ቤት ቶሎ ሲዳኝ፥ ቀብድ ተቀብሎ ቤት የማያስረክብ ሻጭ ሲጠየቅ፥ ለመሸሽ ያሰበ አንድ ገንዘብ በአገሩ ይቀራል። የድንበር ጠባቂ ሊይዘው የማይችለውን ገንዘብ ደግ አስተዳደር ይይዘዋል። በጉቦ የዘገየ አንድ ፋይል ግን ለዱባይ ቤት ሻጭ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ደላላ ነው።

መንግሥት ራሱ የውጭ ገንዘብ በቤት በኩል እንዲገባ በሩን ከፍቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ከልክሎ ነበር። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ክልከላው በ1994 ዓ.ም. ተነሣላቸው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ማንኛውም የውጭ አገር ሰው ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር አምጥቶ ቤት እንዲኖረው ፈቀደ፤ መሬቱ ግን በሕገ መንግሥቱ እንደ ተጻፈው የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ይኖራል። እንግዲህ በአንድ በኩል ባዕድ 150 ሺህ ዶላር ይዞ እንዲመጣ እየተጋበዘ፥ በሌላ በኩል የአገሩ ሰው ያንኑ ያህል በስውር የሚያወጣ ከሆነ፥ ቀዳዳ ባለው እንስራ ውሃ መቅዳት ይሆናል። የእስፔንና የፖርቱጋል ነገርም እዚህ ላይ ይታሰብ፤ ለእንግዳ የሚከፈተው በር ለቦሌና ለሩዋንዳ ሰፈር ተከራይ ቤት እንዳያስወድድ ከአሁኑ መጠንቀቅ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ቤቱን የገዛው የመንግሥት ሹም የሆነ እንደ ሆነ ነው። ነጋዴ ከትርፉ ገዛሁ ለማለት ይችላል፤ ደመወዙ በመዝገብ የታወቀ ሹም ግን ምን ይላል? በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ሹማምንት የራሳቸውንና የቤተ ሰባቸውን ሀብት እንዲያስመዘግቡ ያዝዛል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከየት እንደ መጣ ያልታወቀ ሀብት የሚመለስበት አዋጅ ወጥቷል። ባሕር በመካከል ስላለ ቤቱ የማይታይ የሚመስለው ሹም ካለ ተሳስቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በግንቦት 2024 የብዙ አገር ጋዜጠኞች ተባብረው፥ ከዱባይ የቤት መዝገብ አፈትልኮ የወጣውን ዝርዝር መርምረው፥ በየአገሩ የታወቁ ሰዎች በዚያ ያላቸውን ቤት ለዓለም አሳይተዋል። በወንድም ስም፥ በሚስት ዘመድ ስም የተጻፈ ቤትም እንደ ተሰወረ አይቀርም። ስሙን በገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ለመጻፍ የሚፈራ ሰው የቤት ባለቤት ሳይሆን የቤቱ እስረኛ ነው።

ካህናትና ሊቃውንትም በዚህ ነገር የየበኩላቸው ሥራ አላቸው። ባለጸጋው ከመንግሥት የሚሰውረውን ለንስሐ አባቱ ይገልጥ ይሆናል። የንስሐ አባት ቤት ሲመረቅ ጠበል እንዲረጭ ሲጠራ፥ ቤቱ በምን ገንዘብ እንደ ተሠራ በለሆሳስ ቢጠይቅ ከሥራው አልወጣም። በገጠርም በከተማም፥ ልጃቸው በዐረብ አገር ላለች እናቶች ገንዘቡ በባንክ እንዲላክ ማስረዳት ይችላሉ፤ በሕገ ወጡ መንገድ የሚገኘው ጥቂት ጭማሪ ኋላ በተወደደ ዘይትና በጠፋ መድኃኒት ተመልሶ ከእነርሱው ኪስ እንደሚወጣ ቢነግሯቸው፥ ቃላቸው ከብዙ የመንግሥት ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል። የኢየሩሳሌም ቤቶች ታሪክም ለባለጸጎች ሊነገር የሚገባው ነው፤ የዚያ ዘመን ሀብታም ቤት ሲያሠራ ከራሱ ዕድሜ በኋላ ማን ይኖርበታል ብሎ ያስብ ነበርና።

ፀሓይና ውሃ ለሚወድ ሰውም ኢትዮጵያ ባዶ አይደለችም። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም፥ ከአዲስ አበባ ጥቂት ተጉዞ የሚደረስበት የቢሾፍቱ ሐይቅ አለ፤ ላንጋኖ አለ፤ ሐዋሳ አለ፤ ገዳማቱን አቅፎ የተኛው የጣና ሐይቅም አለ። በእነዚህ ስፍራዎች በሕግ የተሠራ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ለግንበኛው፥ ለአናጢው፥ ለዓሣ አጥማጁና ለአትክልት ሻጩ እንጀራ ይሆናል። በዱባይ የተገዛው ቤት ግን ለአንድም ኢትዮጵያዊ አናጢ የአንድ ቀን ሥራ አልሰጠም። በአገር ውስጥ የሚሠራውም ቢሆን የሐይቁን ዳር በአጥር ዘግቶ ሕዝቡን ከውሃው የማይከለክል መሆን ይገባዋል።

እንግዲህ ባለጸጋው ገንዘቡን በግልጽ በር ያውጣ፥ በግልጽ በርም ያስገባ። ሹሙ ሀብቱን ያስመዝግብ፥ የሕዝቡንም ፋይል አያዘግይ። ካህኑ ይምከር። ይህ የሆነ እንደ ሆነ በሩዋንዳ ሰፈር የሚኖረው ሰው አውሮፕላኑ በራሱ ላይ ሲያልፍ በሰማ ጊዜ የሚያስበው፥ ሀብቱን ይዞ ስለሚወጣው ብቻ ሳይሆን፥ የድካሟን ዋጋ ይዛ በደኅና ወደ እናቷ ቤት ስለምትመለሰው ልጅም ይሆናል። እርሷም ስትመለስ የምትገባበት፥ በስሟ የተጻፈ፥ ማንም የማይነጥቃት አንዲት ቤት በአገሯ ብታገኝ፥ በባሕር ማዶ ከሚታየው ፎቅ ሁሉ ያቺ ቤት ትበልጣለች።